ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚታየው ፊት

የልጅ ልጄ ኮምፒውተር ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይነሣም። ስለዚህ እኛ ቤት ያ ማሽን የሚነሣው መብራት ሲኖር ብቻ ነው፤ መብራቱ ደግሞ ጎሕ ሲቀድ ይመጣና ረፋዱ ላይ ይሄዳል። እዚሁ አዘዞ፣ ከእኛ ማዶ ያሉት አዳዲሶቹ ቤቶች ቀኑን ሙሉ ሲበራላቸው አያለሁ። እኛ የደረሰንን እንቀበላለን። ልጅቱ ኮሌጅ ገብታ የምትማረው ኮምፒውተር ነው፤ ሥራዋን ለመሥራት ከወፍ ጋር ትነሣለች። እኔም ቤት ያለሁ ጊዜ አብሬያት እነሣና በርጩማ ስቤ ከጎኗ እቀመጥ ነበር።

ቤት የማልኖርበት ጊዜ ይበዛል። እግሬ አያርፍም። ጎረቤቶቼ «ዞሪቷ መጣች፣ ዞሪቷ ሄደች» ይሉኛል፤ በክፋት አይደለም፣ እኔም አልቀየማቸውም። ድሮ ንግሥ በዋለበት ሁሉ ደስ ብሎኝ እዞር ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን የምዞረው ልጄን ፍለጋ ነው።

ልጄ፣ የልጅቱ አባት፣ ትራክተር ነጂ ነበር። ሰሊጥ የሚያርሱ ሰዎች ይዘውት ቆላ ወረደ። «አዝመራው ሲገባ መጣሁ» ብሎ ነው የሄደ። መጀመሪያ ስልኩ ይጠራ ነበር። ኋላ መጥራቱን ተወ፤ ያቺ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለው ሴት ብቻ ቀረች። ምራቴ ለእሷም «እባክሽ ንገሪልኝ» ስትላት ሰምቻለሁ። መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ። ሦስት ሰሊጥ ታጨደ። ሞተ ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም።

እኔ አለ ብዬ ያዝሁ። ማክሰኝት ገበያ ከብት ነጂዎች ከሩቅ ይመጣሉና እነሱን እጠይቃለሁ። ትክል ድንጋይ ገበያ እውላለሁ። ንግሥ ላይ ከቆላ የመጣ ሰው ሳይ እጠጋዋለሁ። «ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ሲሥቅ አፉን በእጁ የሚይዝ ትራክተር ነጂ አይተሃል?» እላለሁ። ሰው ደግሞ አሮጊት ማስከፋት አይወድም። «የሚመስለው ሰው አይቻለሁ እናቴ» ይለኛል። ያችን ይዤ ቤቴ እገባለሁ። ምራቴ ያመጣሁትን ትሰማና ተነሥታ የባሏን ጋቢ ከሣጥን ታወጣለች፤ አጥር ላይ ፀሐይ ታስመታዋለች፣ ሲመሽ አጥፋ ትመልሰዋለች። ምንም አትለኝም። ደስ ያላት ይመስለኝ ነበር።

እኔ ትምህርት ቤት የሚባል ደጁን አልረገጥሁም። ፊደል ግን አውቃለሁ፤ አባቴ የቆሎ ተማሪዎቹን ሲያስቆጥር ጓዳ ሆኜ በጆሮዬ ለቀምሁት፣ ኋላም አመድ ላይ በጣቴ እየጻፍሁ አጠናሁት። ይህንንም የምጽፈው ራሴ ነኝ፣ ከልጅቱ በተረፈ ደብተር ላይ። የኮምፒውተሩ ፊደል ግን የፈረንጅ ነው። ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ ጥቁር ይሆናል፤ ከዚያ ነጫጭ ፊደል ከታች ወደ ላይ ይሮጣል፣ ዓይን አይከተለውም። መጀመሪያ ያየሁ ቀን የተበላሸ መስሎኝ «ኧረ አጥፊው!» ብያታለሁ።

«አልተበላሸም እምዬ፣ እየነቃ ነው» አለችኝ እየሣቀች።

«ታዲያ ምን እያለ ነው የሚለፈልፍ?»

«ራሱን እየቆጠረ ነው። ዲስኬን አገኘሁት፣ ደህና ነው። ጆሮዬን አገኘሁት፣ ደህና ነው። መስኮቴን አገኘሁት፣ ደህና ነው።»

«ዓይንስ አለው?»

«አለው፣ ይቺውልሽ» ብላ ከላይ ያለችውን ጠባብ ቀዳዳ አሳየችኝ።

«ይቺ ቀይ መስመርስ?»

«እሷ ባትሪው ናት። ባትሪዬን አጣሁት ነው የሚል።»

«ምነው ታዲያ አይተወውም? እንደ ሞተ አያውቅም?»

«አያውቅም። በነቃ ቁጥር ይፈልገዋል።»

ከዚያ ወዲህ እነዚያን ፊደሎች ወደድኋቸው። ማሽኑ ሲነቃ እኔም አብሬው እጄን፣ ጉልበቴን፣ ወገቤን እቆጥር ነበር። «ጉልበቴን አጣሁት» ስላት ልጅቱ በሣቅ ትሞታለች።

አንድ ማለዳ አስተማሪያቸው የተግባር ሥራ እንደ ሰጣቸው ነገረችኝ። ማሽኑን ከውስጥ የሚያስተዳድረው ስርዓተ ክወና ይባላል አለችኝ። ስርዓት ማለቱን ከቅዳሴ ስለማውቀው አልከበደኝም። እሱ ሲነሣ የሚሮጠውን ፊደል በምስል እንዲሸፍኑ ነው የታዘዙት።

«ሰው ፊደሉን ይፈራዋል፤ አንቺስ አጥፊው ብለሽኝ የለ? ስለዚህ እስኪነቃ ድረስ አንድ ምስል ፊቱ ላይ ይቆማል። ነቅቶ ሲያበቃ ምስሉ ይሄዳል።»

«ፊደሉስ?»

«ከሥር ይሮጣል። አይታይም እንጂ ሥራው ያው ነው።»

«ምን ምስል ልታደርጊ ነው?»

«ጓደኞቼ ሁሉ የነገሥታቱን ግንብ ነው የሚያደርጉት፣ አንዷ ደግሞ አደይ አበባ። የኔን አልነግርሽም። ሸጋ ነገር ነው። ሲያልቅ ታዪዋለሽ።»

ፊደሉ መሸፈኑ ቅር እንዳለኝ አልነገርኋትም።

ኋላ እንዳጫወተችኝ ሥራው እንዲህ ነበር። የአባቷን ፊት ነው ያሰበችው። ያለን ፎቶ ግን የሠርጉ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ልጄ ከሚዜው ትከሻ ኋላ ሆኖ ግማሽ ፊቱ ነው የሚታይ። ትዝ ያላት የእድሩ መዝገብ ነው። እድራችን የአባሉን ሁሉ ጉርድ ፎቶ መዝገቡ ላይ ይይዛል። ወደ እድሩ ዳኛ ሄዳ ለመነቻቸው። ሽማግሌው «ከመዝገብ የወጣ ፎቶ ሳይመለስ ቢቀር የሚጠየቀው ማን ነው?» ብለው ሁለት ቀን አመላለሷት፤ በሦስተኛው «እኔው ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብለው ሰጧት።

ፎቶው ግንባሩ ላይ ስፒል የነበረበት ዝገት አለው። እሱን በኮምፒውተሩ ጠርጋ አነጣችው። ትከሻው ላይ ደግሞ የእድሩ ወይን ጠጅ ማኅተም ግማሹ አርፎበታል። ያ አልወጣ አላት፤ በጠረገችው ቁጥር ትከሻውም አብሮ ይጠፋል። በመጨረሻ በፊቱ ዙሪያ ያለውን ሁሉ ጥቁር ቀባችው። ማሽኑም ሲነሣ ጥቁር ስለሆነ ሸጋ ሆኖ ይጋጠማል ብላ ነው። ከፊቱ ሥር ማሽኑ እስኪነቃ ድረስ የሚዞሩ ትንንሽ ነጭ ነጠብጣቦች አደረገች፤ እነሱ ሲዞሩ ሥራው እንዳልቆመ ሰው ያውቃል።

መጀመሪያ ስታስነሣው የአባቷ ፊት እንደ ሰፌድ ተለጥጦ ወጣ፤ ልኩን አስተካከለች። ቀጥሎ ጭራሽ አልወጣም። ለካ ምስሉ የሚታየው ትልቁ ዲስክ ገና ሳይከፈት ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ ከሁሉ አስቀድሞ በሚፈታት ትንሽ ቋጠሮ ውስጥ አብሮ መቋጠር ኖሮበታል፤ መንገደኛ ለመጀመሪያው ቀን የሚበላውን ከላይ እንደሚይዝ ማለት ነው። ቋጠሮዋን እንደ አዲስ ሠራቻት። ያን ጊዜ ወጣ። አባቷ ከጨለማው ውስጥ ቀጥ ብሎ አያት። እሷም አየችው። መብራቱ እስኪሄድ አሥር ጊዜ አስነሣሁት አለችኝ።

ምስሉ በመጨረሻ ሲወጣ እኔ ትክል ድንጋይ ነበርሁ። ልጄ የነዳውን ትራክተር ተቀብሎ የነዳ ሰው አገሩ ገባ ሲሉ ሰምቼ፣ ለምራቴም ነግሬያት ነው የሄድሁት። ቤቱ ከከተማው ወጣ ይላል። ስደርስ የባቄላ ማሳው ዳር ሆኖ ቀንበር ያበጅ ነበር። ተነሥቶ ድንጋዩ ላይ ኩታውን አነጠፈልኝ። የልጄን ምልክት ነገርሁት፣ ጠባሳውን፣ ሣቁን። ሣቁን ስናገር መሬት መሬቱን አየ። ሚስቱን ውኃ እንድታመጣልኝ ጠራት። ከዚያ እጄን ያዘና «እናቴ፣ ከእንግዲህ አይድከሙ» አለኝ።

ያን ሁሉ ገበያ የጠየቅሁ ሴትዮ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም። ምነው አላልሁም፣ የት አላልሁም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተነሣሁ። ሚስቱ በጨርቅ የቋጠረች ቆሎ ይዛ እስከ ጎዳናው ተከተለችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል። ቆሎውን ተቀበልኋት፣ ፊቷን ግን አላየሁም።

የሥጋ ዘመድ ቤት አደርሁና በመጀመሪያዋ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። መንገዱን ሁሉ ቤት ስገባ የምለውን ቃል አዘጋጅ ነበር። «አላወቀውም» ልላቸው ነው። ሰውየው ሌላ ትራክተር ነው የነዳ፣ ልጄን አላወቀውም። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ከጎኔ ያለችው ሴት የምጸልይ መስሏት አሜን አለች። ፒያሳ ወርጄ የአዘዞውን ያዝሁ። እኔ ካላልሁት አልሆነም፤ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ሰፈር ስደርስ ፀሐይዋ ገና አልሞቀችም። ከደጃችን በር ላይ የእድሩ አግዳሚ ወንበር ቆሟል፤ አረንጓዴው፣ እግሩ ላይ ቁጥር ያለበት።

በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። የእድሩ ዳኛ ይጠራሉ፣ ጎረቤት ድምፁን ሳያሰማ ይሰበሰባል፣ ባለቤቱ ሳያውቅ አግዳሚው ይመጣል። እኔ ራሴ ስንት ቤት እንደዚያ ገብቼ ተቀምጫለሁ። አሁን ግን አግዳሚው እኔ ደጅ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ወደ ውስጥ አየሁ። ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን እንደ ተከናነቡ ሌላ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የእድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ማንም አይናገርም፣ ማንም ወደ እኔ አልዞረም፤ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ነው የሚያዩት። እኔም ወደዚያው አየሁ። ልጄ በጥቁር ተከብቦ ያየኛል። ከሥሩ ትንንሽ መብራት ይዞራል፣ ጧፍ ይዘው እንደሚዞሩት።

እንዴት እንደ ጮኽሁ አላውቅም። «ወይኔ ልጄን!» ስል የራሴ ድምፅ ከሌላ ሰው የወጣ መሰለኝ። የቆሎው ቋጠሮ ተፈታና ወለሉ ላይ ተበተነ። ጎረቤቶቼ ዘወር ሲሉ፣ ወሬ ፍለጋ ትክል ድንጋይ የሄድሁት እኔ በሩ ላይ ቆሜ ደረቴን ስደቃ አዩኝ። ቃል ይዛ መጣች ብለው ተነሡ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ልቅሶ ሆነ። ምራቴ ጓዳ ነበረች፤ ወጣች፣ አየችኝ፣ ባለችበት ወደቀች።

በዚህ መሐል ቀና ብል ልጄ የለም። ማሽኑ ነቅቶ ኖሯል፤ ፊቱ በነበረበት ሰማያዊ ነገር ሆኗል። «ወሰዱት! አወጡት!» ብዬ እንደ ገና ጮኽሁ። ልጅቱ መሐላችን ቆማ «ምስል ነው እምዬ! የትምህርት ቤት ሥራ ነው! ሲከፈት የሚታይ ነው!» እያለች ታለቅሳለች፤ ማን ይስማት።

የእድሩ ዳኛ በዘንጋቸው ወለሉን መቱ። «ዝም! ዝም በሉ እንጂ!» ቀስ በቀስ ዝም አልን። «እመት፣ ማን ነገረዎ?» አሉኝ።

«እናንተ አይደላችሁ አያ ዳኛው?»

«እኛ? ምን ብለን? እኔ ፎቶዬን ልወስድ ነው የመጣሁ! ልጅቱ ሥራዬን እዩልኝ፣ ረፋድ ላይ መብራት ይሄዳል በማለዳ ኑ አለችን።»

«አግዳሚውስ?»

«መቀመጫ ጠፍቶ ነው እቴ!» አለች የቀኝ ጎረቤቴ። «ሦስት በርጩማ ላይ ስንት ሰው ይቀመጣል? አስመጡት ያልሁ እኔ ነኝ፤ አፌን በቆረጠው!»

«ዝም ያላችሁትስ?»

«ልጅቱ ናታ! አሁን ይወጣል፣ እንዳያመልጣችሁ ብላን ዓይናችንን ስናፈጥ።»

«እኔ እኮ እሷ ስትጮኽ ሰምቼ ነው የጮኽሁ» አለች አንዷ።

«እኔ ደግሞ አንቺን አይቼ።»

«ደረቴን ለምስል ደቃሁታ! ነገ እጄ ባይነሣ ማን ያሽልኛል?» አለች ሌላዋ።

አንዷ ሣቅ አመለጣትና አፏን ያዘች። ሌሎቹም እንባቸውን እየጠረጉ ሣቁ። «እንኳን ውሸት ሆነ»፣ «እንኳን እንዲህ ሆነ» ተባባሉ። ቆሎውን ለመልቀም ያጎነበሰችም ነበረች። ነጠላ ተስተካከለ። ምራቴ ግን አልተነሣችም። ከወደቀችበት ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፣ ያለ ጩኸት፣ እየተወዛወዘች።

«ተነሺ እንጂ እናቴ፣ ውሸት ነው ተባለ እኮ» አለቻት ጎረቤታችን ክንዷን ይዛ።

«ተዪኝ» አለች ምራቴ።

«ባልሽ ላይ ምነው ታሟርቻለሽ?»

«ተዪኝ ብዬሻለሁ!» ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ያን ቀን ገና ሰማኋት። «ሦስት ዓመት ተከልክዬ ነው። እንባዬ ሊመጣ ሲል እማ ከአንዱ ገበያ አንዱ አየው ብለው ይመጣሉ። ጋቢውን አወጣለሁ፣ ጋቢውን እመልሳለሁ። ባለ ባል ነሽ ሲሉኝ ባል የለኝ፤ የሙት ሚስት ነኝ እንዳልል የሐዘን ልብስ አልለበስሁ። አሁን በስሕተትም ይሁን ጀመርሁት። አትውሰዱብኝ።»

እኔ ተስፋ ብዬ የማመጣላት ለእሷ ምን እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማ፣ ሰውየው ምን አለዎት?»

«አላወቀውም» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። መንገዱን ሁሉ አለስልሼዋለሁ። አፌን ከፈትሁ። ዓይኗን እያየሁ ሳለሁ ግን ልለው አልቻልሁም።

«ከእንግዲህ አይድከሙ አለኝ» አልኋት።

የእድሩ ዳኛ አድርገውት የነበረውን ባርኔጣ መልሰው አወለቁ። «ሌላስ እመት?»

«ሌላ አልጠየቅሁትም።»

«ምነው?»

«ፈራሁ አያ ዳኛው።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጨብጠው ተነሡ። ከዚያ «እኔው ሄጄ እጠይቀዋለሁ። እስክመለስ ማንም አያልቅስ፣ ማንም አይሣቅ» አሉና ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ። ፎቶውን መውሰዱን ረሱት።

ያን ቀን ጎረቤቶቻችን በየቤታቸው ቀሩ። ልጅቱ ማሽኗን ዘግታ ከጥግ ተቀምጣለች። «እኔ ነኝ አባቴን የገደልሁት» አለችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ምነው እንዲህ ትያለሽ?»

«ጥቁር ባላደርገው ኖሮ አትጮኺም ነበር።»

«አንቺ ጥቁር ያደረግሽው ማኅተሙን ልትሸፍኚ ነው። እኔ የጮኽሁት ከትክል ድንጋይ ይዤው በመጣሁት ነው። ልውጥህ ብለው አልዋጥ አለኝ።»

ራሷን ጭኔ ላይ አደረገች። ምራቴ ከወዲያ ማዶ ሆና ሁለታችንንም ታየን ነበር፤ የተቀየመችኝ አይመስለኝም። ብትቀየመኝ ሸጋ ነበር፣ ይቀለኝ ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ የእድሩ ዳኛ መጡ። አግዳሚው ከደጅ አልተነሣም ነበርና አስገቡት፣ በላዩ ተቀመጡ፣ ጎረቤቶቻችንም ገቡ። ያመጡትን አንድም ሳያስቀሩ ነገሩን። ወባ ነው። በሄደ በሦስተኛው ወር። ሐኪም ያለበት ሩቅ ነበር፣ መንገዱ ዝግ ነበር፣ ትራክተሩ ላይ ጭነውት ሲሄዱ መንገድ ላይ አለፈ። ሰውየው በገዛ እጁ ነው የቀበረው፣ እዚያው ከቆላው ቤተ ክርስቲያን አጸድ። አገሩ ሲገባ ሊነግረን አስቦ ሁለት ጊዜ በአዘዞ አልፏል። «ከመኪናው መውረድ አቃተኝ አለኝ» አሉ ዳኛው። «እናቱ ራሳቸው መጥተው ስለ ሣቁ ሲነግሩኝ ደግሞ ከዚያች ቃል በላይ አልወጣ አለኝ አለ።»

ሰው ሁሉ እኔን አየ። መጮኽ ነበረብኝ። የምትጮኸው እናት ናት፣ ሌላው የሚከተለው እሷን ነው። አፌን ከፈትሁ፣ ምንም አልወጣም። ድምፄ ትናንት፣ ለምስሉ ጊዜ፣ አልቆ ኖሯል። ምራቴ ናት የጮኸችው። እኔ እሷን ተከተልሁ፣ በከንፈሬ ብቻ።

ለልቅሶው ፎቶ ይፈለጋል፤ ይይዙታል፣ ያሳዩታል፣ ፊቱን እያዩ ያለቅሱለታል። ጉርድ ፎቶው ከሩቅ አይታይም። ልጅቱ ለማሽኑ ያዘጋጀችውን ምስል በፍላሽ ይዛ ከተማ ሄደች፤ ፎቶ ቤቱ አሳድጎ አወጣላት። «ፎቶ አንሺው ዙሪያውን ጥቁር ላድርገው ስል ተደርጎ ቆየኝ አለኝ» ብላ ለእናቷ ስትነግራት ሰማሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሴቶቹ ያን ምስል ከፍ አድርገው ይዘው ዞሩ። ልጅቱ ወደ ምስሉ አታይም ነበር፤ ወደ ግድግዳው ነበር የምታየው።

ለቅሶ ደራሹ አለቀ፣ ድንኳኑ ተነሣ፣ ዳኛውም አግዳሚያቸውንና ፎቷቸውን ወሰዱ። አባል ሲሞት ፎቶው ከመዝገቡ ይወጣል፤ እሳቸው ግን መልሰው እዚያው ለጠፉት አሉኝ።

ከዚያ አስተማሪዋ ሥራውን አምጪ አላት። በማለዳ መብራት ሲመጣ ሦስታችን ማሽኑ ፊት ተቀመጥን፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይነካ ነው የቆየ።

«ላወጣው ነው» አለች ልጅቱ። «እንደ ሌሎቹ ግንቡን አደርገዋለሁ። ምስሉን ቀይሬ ቋጠሮዋን እንደገና መሥራት ብቻ ነው።»

«ተዪው» አለቻት እናቷ።

«ካልሽ ደግሞ እንዲቆይ ማድረግ እችላለሁ እማ። ማሽኑ ቢነቃም ምስሉ ቶሎ እንዳይሄድ፣ ይህን ያህል ሰከንድ ቁም ብዬ አዘዋለሁ። አሁን ቶሎ ነው የሚጠፋ።»

ምራቴ አሰበች። ጥቁር ልብሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «አታቁሚው» አለች። «ሥራው ሲያልቅ ይሂድ። አንቺም ትምህርትሽን ሥሪበት።»

«አንቺስ እምዬ?»

«አስነሺውና ልየው» አልኋት።

ቁልፏን ተጫነች። ጨለመ። ከዚያ ልጄ መጣ፤ ግንባሩ ንጹሕ፣ ዝገት የለበት። ነጠብጣቦቹ ዞሩ። አቡነ ዘበሰማያት ጀመርሁ። እኩሌታው ላይ ሳልደርስ ሄደ። ምራቴ እጇን ዘርግታ የማሽኑን መስኮት አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ሥራዋ ተነሣች። ልጅቱም መጻፍ ጀመረች።

ከውጭ የሚኒባሱ ጡሩንባ ተሰማ። ሳላስበው ተነሣሁ። ዘንጌን ያዝሁ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ጫማዬን አደረግሁ፣ ከአጥሩ በር ደረስሁ። ረዳቱ አውቆኝ «እናቴ፣ ዛሬስ ወዴት ነዎት?» አለኝ በመስኮቱ ወጥቶ። ማክሰኝት ልበለው? ቀኑ ገበያ ነበር። ከብት ነጂዎቹ ይኖራሉ። ቆምሁ። የምጠይቃቸው ነገር ጠፋኝ።

«የትም» አልሁት። «ሂድ ልጄ፣ ሰው እንዳይረፍድበት።»

ሄዱ። እኔም ገባሁና በርጩማው ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅሁ።